ለአኮ የመረጥኩት ልብ

ጎማዬን ቆረጠችው! የልጅ ልጄ ፊርዶስ፣ ከበርሜል ውሃ የምስብበትን ጎማ ክንድ በሚያህል ቆርጣ፣ ጫፉ ላይ ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን አሮጌ የጋዝ መቅጃ ሰክታ፣ ሳታስፈቅደኝ ደረቴ ላይ ለጠፈችው።

«ምን እያደረግሽ ነው አንቺ?»

«ዝም በይ አያቴ። የሳይንስ ቲቸር ከቤታችሁ ባለ ዕቃ ልብ ማዳመጫ ሠርታችሁ ኑ ብሎናል። ልብሽን እየሰማሁ ነው።»

ዝም አልኩ። ስላዘዘችኝ ግን አይደለም። የመቅጃው ሽታ ነው አፌን የዘጋው። ጋዝ እኮ አይለቅም፤ ስንት ዓመት ባዶውን ተሰቅሎ ኖሮ ዛሬም ይሸታል። ጋዝና ጎማ አንድ ላይ አፍንጫዬ ውስጥ ሲገቡ ነገሌ ገበያ፣ ያ ቀይ አቧራ፣ የአኮ ሱቅ፣ ሁሉም ተግተልትሎ መጣ።

«አያቴ፣ አንድ ቦታ ላይ ይቆማል» አለች ፊርዶስ ግንባሯን ቋጥራ።

«ጎማው ነው» አልኳት። «አጣጥፈሽው ነው።»

እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። ይሄንን የምትጽፍልኝ ራሷ ፊርዶስ ነች፤ ጎማዬን ለቆረጠችበት ቅጣት ነው። እየሳቀች ነው አሁን። ጻፊ! መሳቅሽንም ጻፊው። አያት ስላልኩ ደግሞ ሽበታም እንዳይመስላችሁ። በአስራ አምስት ዓመቴ ተዳርኩ፣ ልጄም እንደኔው ቸኮለች፣ ይኸው በአርባ አምስቴ አያት ተብዬ ቁጭ አልኩ።

የማወራው መንግሥት ስለተለወጠበት ዓመት ነው። አስር ወይ አስራ አንድ ዓመቴ ነበር፤ ማን ቆጠረው። እናትና አባቴ ሞያሌ ነበር የሚነግዱት፤ እኔን ነገሌ አኮ ጋ ትተውኝ ነበር። አኮ ማለት በኦሮምኛ አያት ማለት ነው። ስሟ ሀዋ ነው። ጋዝ፣ ስኳር፣ ክብሪት፣ የባትሪ ድንጋይ፣ ከሞያሌ የሚመጣ ፕላስቲክ ምናምን የምትሸጥባት አንዲት ጠባብ ሱቅ ነበረቻት።

አኮ ምላሷ እንጂ ሌላዋ ደክሞ ነበር። ከቤት እስከ ሱቅ ያለችውን መንገድ አራት ቦታ እያረፈች ነው የምትሄደው፤ ግራሯ ሥር፣ ወፍጮ ቤቱ ጋ፣ ድልድዩ ላይ፣ ከዛ ልብስ ሰፊው ደጃፍ። ጤና ጣቢያ ስትሄድ «ልብዎ ደክሟል» አሏት። እየተመለስን ሳለ ግራሯ ሥር ተቀምጣ «የሚለወጥ ነገር ቢሆን ዛሬውኑ በለወጥኩት» አለች። ቀልዷ ነበር። እኔ ግን ያዝኩት።

የያዝኩበት ምክንያት አለኝ። ትምህርት ቤት አልገባሁም ነበር፤ የአኮ እግር እኔ ነበርኩ። ጋዝ የምቀዳው እኔ፣ ከረጢት የምጎትተው እኔ፣ ስታርፍ ጎኗ የምቆመው እኔ። «አኮ፣ መቼ ነው ትምህርት ቤት የምገባው?» ስላት «ልቤ ሲሻለው» ትለኛለች። በቃ፣ ለኔ ነገሩ ግልጽ ነበር። ልቧ ከተለወጠ ይሻላታል፣ ከተሻላት እኔ እማራለሁ። ካልተለወጠስ? ልባቸው ደክሟል የተባሉ አንድ ጎረቤታችን ሽማግሌ በዛው ሰሞን ተቀብረው ነበር። ስለዚህ የት እንደሚለወጥ ማወቅ ብቻ ነበር የቀረኝ።

ያን ጊዜ ነው መምህር ቦሩ የመጣው።

መምህር ቦሩ የዱብሉቅ ልጅ ነው፤ ቦረና ነው፣ ረዥም፣ ቀጭን። የጓሮዋን ክፍል ከአኮ ተከራይቶ ገባ። ሳይንስ ነው የሚያስተምረው። ግን ምን ይዞ ያስተምር? መንግሥት ሲለወጥ የትምህርት ቤቱ ስቶር ተዘርፏል። ማን ዘረፈው ብላችሁ አትጠይቁኝ፤ ያን ሰሞን ሰፈራችን ውስጥ የትምህርት ቤት ወንበር ያልተገኘበት ቤት አልነበረም። እኛም ቤት አንዲት ነበረች፤ እግሯ ያነክሳል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መምህር ቦሩ በጋሪ ሰው ጭኖ መጣ። ሰው ነው፣ ጋቢ አልብሶታል፣ ተጋድሟል። አኮ ወንበሯን ለቃ ተነሳች።

«ኢናሊላሂ! አንተ ቦሩ፣ ማነው የሞተው?»

«ማንም አልሞተም አዴ። ማስተማሪያ ነው።» አዴ የሚላት እናቴ ለማለት ነው።

«ሞቶም ያስተምራል እንዴ?»

ጋቢውን ሲገልጠው እኔ ከአኮ ቀሚስ ኋላ ነበርኩ። ፕላስቲክ ነው። ክንድም እግርም የለው፤ ወገቡ ላይ አብቅቷል። ፊቱ ይስቃል። የሚያስቀው ምን እንደሆነ ግን እንጃ፣ ምክንያቱም ሆዱ እንደ ሳጥን ተከፈተ፣ ውስጡም ባዶ ነው። አንጀቱና ጉበቱ ብቻ ቀርተዋል።

«ልቡን ወስደውበታል» አለ መምህር ቦሩ፣ ለቅሶ ቤት እንዳለ ሰው። «ሳንባውንም፣ ኩላሊቱንም። ስቶሩ በር የለውም፣ እዚሁ ይደርልኝ አዴ።»

«ልብ ከሌለው የቤት ኪራይ አልጠይቀውም፣ ይደር» አለች አኮ።

እኔ ስም አወጣሁለት፦ ጋሽ ባዶ። እና ከዛን ቀን ጀምሮ የመምህር ቦሩን ሥራ አወቅኩ ብዬ ደመደምኩ። ይሄ ሰውዬ ሰው ሊሠራ ነው።

አትሳቁብኝ። እናንተም ብታዩት ታምኑ ነበር። በየቀኑ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ሱቅ ይገባል፣ ዕቃ ሁሉ ያነሳል፣ ይመዝናል፣ ያሸታል፣ ወደ ብርሃን አንስቶ ያያል። «ይሄ ይሆናል… ይሄ አይሆንም… ይሄ ይሰበርብኛል፣ ልጆች ይቆረጣሉ…» እያለ ለራሱ ያወራል። መስታወት፣ ሽቦ፣ ጠርሙስ፣ ፊኛ፣ ማግኔት ያለው የተበላሸ ሬዲዮ። አንዱን ፊኛ ለመምረጥ አስሩን ይነፋል።

«አካም ኦልተኒ አዴ?» ይላል ሲገባ፤ እንዴት ዋልሽ ማለቱ ነው።

«ናጋ። ዛሬ ደግሞ ምን ልታሸት መጣህ?» ትለዋለች አኮ። «አንተ ሚስት ስትመርጥ አገር ጉድ ይላል።»

«ማስተማሪያ ከሚስት ይከብዳል አዴ። ሚስት አንድ ናት፣ ይሄ ለስልሳ ልጅ መሆን አለበት።»

አንድ ቀን ገበያ ይዞኝ ሄደ፣ ጠርሙስ ልሸከምለት። ሽንኩርት ሻጯ ጋ ስንደርስ ቀጥ አለ። ሴትዮዋ ሚዛኗ ላይ ባንድ በኩል ሽንኩርት፣ በሌላ በኩል ደግሞ ባቄላ የመሰለ ቡናማ ነገር አስቀምጣለች፤ ጡጫ ያክላል።

«እማማ፣ ይሄ እኮ ኩላሊት ነው!» አላት።

«የምን?»

«የሰው!»

ሴትዮዋ ወርውራው እጇን በቀሚሷ ላይ መጥረግ ጀመረች። ወረፋ የያዙት ሴቶች ጮኹ። መምህር ቦሩ ተሯሩጦ አነሳው፣ በእጁ መዝኖም «ለሩብ ኪሎ እኮ ይቀላል» አለ። ያኔ ጩኸቱ ሌላ ሆነ፤ ሁሉም ሽንኩርት ይጨመርልን ማለት ጀመረ። ለሴትዮዋ ለመመዘኛ የሚሆን ድንጋይ ፈልጎ ሰጣት፣ እኛም ኩላሊታችንን ይዘን ወጣን።

እንግዲህ ፍረዱ። ጋሽ ባዶ ኩላሊት ገባለት።

ቀጥሎ ሳንባ ነበር። መምህር ቦሩ የዘይት ፕላስቲክ ቂጡን ቆረጠ፣ የእስክሪብቶ ቀፎ አፉ ላይ ሰካ፣ ቀፎው ላይ ፊኛ አሰረ፣ ከታች ደግሞ ሌላ የተቀደደ ፊኛ ወጠረበት። በር ላይ ቆሜ ነው የማየው። ከታች ያለውን ላስቲክ ሲስበው ውስጥ ያለው ፊኛ ተነፋ። ሲለቀው ሟሸሸ። ሲስበው ተነፋ። ተነፈሰ! የዘይት ፕላስቲክ ተነፈሰ! ሮጬ አኮ ጋ ደረስኩ።

«አኮ፣ ጋሽ ባዶ መተንፈስ ጀመረ!»

«ይተንፍስ፣ ማን ከለከለው» አለች፣ ስኳር እየጠቀለለች።

ልብ ብቻ ቀረ። ልብ ደግሞ ከፊኛ አይሠራም። መምህር ቦሩ ግቢ ውስጥ ወዲያ ወዲህ እያለ ትምህርቱን ይለማመዳል፤ ያን ዓመት በየትኛው ቋንቋ እንደሚያስተምሩ ገና አልለየላቸውም ነበርና በሦስቱም ነው የሚለማመደው። «ሃርት። ልብ። ኦንኔ።» እኔ እንግዲህ ለአንድ ሰው ሦስት ልብ ያስፈልጋል ማለት ነው ብዬ ተጨነቅኩ። አንድ ጠፍቶ ሦስት ከየት ይመጣል?

በመጨረሻ አንድ ቀን ለአኮ ሲነግራት ሰማሁት። «ልብ ከሥጋ ቤት ላመጣ ነው አዴ። የበሬ ልብና የሰው ልብ አንድ ናቸው፤ መጠን ነው የሚለያቸው።»

ጆሮዬ ቆመ። አንድ ናቸው! ሥጋ ቤት አለ! ስንት ወር የፈለግኩት ነገር ወፍጮ ቤቱ አጠገብ ተሰቅሎ ነው የኖረው ለካ!

የመጀመሪያውን ልብ ከጋሽ ወልዴ ሥጋ ቤት ገዝቶ ሄደ። ጋሽ ወልዴ ከጉራጌ አገር የመጣ ክርስቲያን ነው፣ በሩ ላይ መስቀል አለ። በዛ ቀን ክፍል ውስጥ የሆነውን ራሱ መጥቶ ለአኮ ነገራት፣ ጉልበቱን አቅፎ ቁጭ ብሎ።

«ልቡን ጠረጴዛ ላይ ሳወጣው አንዱ ልጅ ‹የማነው ሥጋው?› አለኝ። የበሬ ነው አልኩት። ‹በሬውን አይደለም ቲቸር፣ ያረደውን ነው› አለኝ። ከዛ ግማሹ ክፍል ተነስቶ መስኮት ጋ ቆመ።»

«እና ምን ጠብቀህ ነበር?» አለች አኮ።

«አይበሉትም እኮ አዴ! ሊያዩት ነው!»

«ልጅ እጁን አይታጠብም፣ ነክቶ አፉ ውስጥ ነው የሚከተው። አንተ ጫካ አድገህ ነው።»

የልጆቹ አባቶችም ትምህርት ቤት ድረስ መጥተው ነበር። ዳይሬክተሩ «ወይ ሁለት አምጣ ወይ ጭራሽ ተወው» አለው። ስለዚህ ሁለት ልብ ሊመጣ ሆነ፣ አንድ ከጋሽ ወልዴ፣ አንድ ከሸሪፍ። ሸሪፍ የኛው ነው፣ ሙስሊም፣ ጨረቃ በሩ ላይ የሳለ።

እዚህ ላይ ጭንቅላቴ ጨርሶ ተደበላለቀ። የበሬና የሰው ልብ አንድ ከሆነ የሸሪፍና የጋሽ ወልዴ በሬ ልብ ለምን ይለያያል? ለጋሽ ባዶስ የቱ ነው የሚገባለት፣ ሃይማኖቱ ምንድነው? የአኮ ግን ግልጽ ነበር። ለአኮ የሚገባው የሸሪፍ ነው። የጋሽ ወልዴ ከገባላት አለቀ፣ አኮ ቤተ ክርስቲያን ልትሄድ ነው። ያኔ እንደዛ ነበር የሚመስለን፤ የሌላውን ሥጋ የቀመሰ ሃይማኖቱ የሚለወጥ።

በገበያ ቀን መምህር ቦሩ ማስተማር ስላለበት ልቦቹን እንዳመጣ እኔን ላከኝ። «ፊደል ብታውቂ እጽፍልሽ ነበር» አለኝ። «የሸሪፍን በቀኝ እጅሽ፣ የጋሽ ወልዴን በግራ እጅሽ ያዢ። ቀኝሽን ታውቂያለሽ?»

«የምበላበት ነው» አልኩት።

ሸሪፍ ወፍራም ነው፣ ሲስቅ ቢላው ሁሉ ይንቀጠቀጣል። ሁለት ልብ ሰቅሏል።

«ምረጪ» አለኝ።

ሁለቱንም በጣቴ ጫን ጫን አደረግኳቸው፣ ልክ መምህር ቦሩ እንደሚያደርገው። አሸተትኳቸው። ወደ ብርሃንም አንስቼ አየኋቸው፣ ምን እንደማይ ባላውቅም። «ለአሮጊት የሚሆነው የቱ ነው?»

«የሚለሰልሰውን ነው የፈለግሽው?»

«የማይደክመውን።»

ሸሪፍ ቢላውን አስቀምጦ አየኝ። «ይሄኛው ወይፈን ነበር። ሲታረድም ሦስት ሰው ነው የያዘው።»

ወይፈኑን ወሰድኩ። አኮ ስትሮጥ ታየኝ። ግራሯ ሥር ሳታርፍ፣ ወፍጮ ቤቱን አልፋ፣ እኔ ደብተር ይዤ ከኋላዋ።

የጋሽ ወልዴንም በግራ ያዝኩ። ሁለቱም በጋዜጣ ነው የተጠቀለሉት። ድልድዩ ጋ እስክደርስ ሁሉም ደህና ነበር። ድልድዩ ላይ ፍየሎች ነበሩ። አንዷ መጥታ የቀኜን ጋዜጣ ነክሳ ሳበች። የነገሌ ፍየል ወረቀት ስታይ ሃይማኖት የላትም። እኔ ሳብኩ፣ እሷ ሳበች፣ ሌላዋ ደግሞ በግራ በኩል መጣች፣ ጋዜጣው ተተረተረ፣ ሁለቱም ልቦች ቁልቁል ተንከባለው ቀይ አፈር ውስጥ ገቡ።

ወርጄ አነሳኋቸው። ሁለቱም ቀይ። ሁለቱም አፈር። ወይፈኑ የቱ ነው? ጫን አደረግኳቸው፣ አሸተትኳቸው። ምንም። አንድ ናቸው።

ፊደል ባውቅ ኖሮ፣ ተጽፎልኝ ኖሮ… ፍየሏ እሱንም ትበላው ነበር፣ ተዉት።

ትምህርት ቤቱ በርሜል ላይ አጠብኳቸው። መምህር ቦሩ ወጣ። «በቀኝሽ ያለው የሸሪፍ ነው አይደል?»

«አዎ!» አልኩ፣ አይኔን ሳላሽ። እንደዛ ያለ ውሸት ከዛ በኋላ ዋሽቼም አላውቅ። ዋሽቻለሁ፣ ግን እንደዛ አይደለም።

መስኮት ላይ ተንጠልጥዬ አየሁ። ሁለት ጠረጴዛ ተደርጓል፣ ሙስሊሞቹ በዚህ፣ ክርስቲያኖቹ በዛ። ሁሉም የራሱን ከቦ ኮርቷል። ትንሽ ቆይተው መንጠራራት ጀመሩ።

«የእኛ ይበልጣል!»

«የናንተ ስብ ነው! የእኛን ቧንቧ እዩት፣ ጣት ያስገባል!»

«የእኛም ያስገባል፣ ሁለት ጣት!»

እኔን መስኮቱ ላይ ላብ አጠመቀኝ። ከነዚህ ሁሉ ልጆች መሃል ማን ምን እየነካ እንደሆነ የሚያውቅ ሰው የለም፣ እኔንም ጨምሮ።

ከዛ መምህር ቦሩ ቢላ አወጣ። ሁለቱንም ለሁለት ሰነጠቃቸው።

ጮህኩ። ክፍሉ ሁሉ ዞረ። ተሰነጠቀ! የአኮ ልብ!

«ምን ሆንሽ ሉባባ?» አለ። ሸሸሁና ከግድግዳው ሥር ቁጭ አልኩ። ድምፁ ግን ይሰማኛል። ውስጡ አራት ክፍል እንዳለው አሳያቸው። ከዛ ስለ ዱብሉቅ ጉድጓድ ነገራቸው። ጉድጓዱ በጣም ጥልቅ ነው፣ ሰዎች ከሥር እስከ አፉ አንዱ ካንዱ በላይ ቆመው ባልዲ ይቀባበላሉ፣ ውሃው ከታች ወደ ላሞቹ ይወጣል። እየቀባበሉ ይዘፍናሉ፣ እጃቸው አንድ ላይ እንዲሄድ። «ልብም ውስጡ እንደዛ ነው» አላቸው። «ደሙን ይቀባበላሉ። ዘፈኑ ነው በደረታችሁ የሚሰማው።» ከዛ ዘፈነላቸው። መምህር ሲዘፍን ያን ቀን ነው የሰማሁት፣ ልጆቹም ሁለቱን ጠረጴዛ ረስተው አብረውት አጨበጨቡ።

ሲጨርሱ መጥቶ አጠገቤ ቁጭ አለ።

«ለምን ቆረጥከው?» አልኩት። «የአኮ ነበር እኮ! ለሷ ነው የመረጥኩት!»

«ለአኮ? ምን ልታደርገው?»

ነገርኩት። ልቧ እንደደከመ፣ እሱ የጋሽ ባዶን ሲሞላ እንዳየሁ፣ ቀጥሎ የአኮን እንዲለውጥላት እንደጠበቅኩ፣ ከዛ እንደምማር። ስለ ፍየሏ ግን አልነገርኩትም። ይስቃል ብዬ ነበር፤ አልሳቀም። ረዥም እግሩን ዘርግቶ «የሰው ልብ መለወጥ አልችልም ሉባባ» አለኝ። «እኔ አስተማሪ ነኝ።»

«ታዲያ ምን ታደርጋለህ?»

«ማሳየት ነው የምችለው።»

ምን ማለቱ እንደሆነ አልገባኝም። የተሰነጠቀውን «የሸሪፍ» ልብ በወረቀት ጠቅልሎ ለአኮ ውሰጂላት አለኝ፤ ሌላውን ለዘበኛው ሰጠ፣ ዘበኛው ክርስቲያን ነው። እያለቀስኩ ቤት ገባሁ።

«ልብ ተገኝቶ ይለቀሳል?» አለች አኮ። ሳልነግራት፣ ሳላስጠነቅቃት፣ ከትፋው፣ በሽንኩርትና በቃሪያ ጠብሳው ቁጭ አለች። እኔ ከፊቷ ቆሜ አንዴ ጉርሻውን አንዴ አፏን አያለሁ። ልንገራት? ከነገርኳት ትጥለዋለች፣ ምናልባት ደግሞ የወይፈኑ ነው፣ ምናልባት በሆድ በኩልም ይደርስ ይሆናል ልብ ጋ። ካልነገርኳት ደግሞ… ስትጎርስ አየኋት። አኮ ብቻዋን ክርስቲያን ከምትሆን ብዬ እኔም ጎረስኩ። ይጣፍጥ ነበር፣ አልዋሽም።

በማግስቱ ቀኑን ሙሉ ስከተላት ዋልኩ። ሰገደች። እንደገና ሰገደች። በቤተ ክርስቲያኑ በኩል ስናልፍ ዞር ብላ እንኳ አላየችም። እጇን ወደ ግንባሯ ስታነሳ ልታማትብ ነው ብዬ ቀሚሷን ያዝኩ፤ ዝንብ ልታባርር ነው ለካ። እና ይሄን ስሙኝ፤ ሱቅ ስንሄድ ያረፈችው ሦስት ቦታ ነው! ወፍጮ ቤቱን ዘለለችው። የወይፈኑ ነው አልኩ። ከዛ ደግሞ የጋሽ ወልዴስ ወይፈን ቢሆን አልኩ። እስከ ዛሬም አላውቅም። የዛን ቀን ብርድ ስለነበርም ይሆናል።

በዛው ቀን ከሰዓት መምህር ቦሩ ሱቅ መጣ፣ አንገቱ ላይ ጎማ አንጠልጥሎ። ጎማው ጫፍ ላይ ሳምንት ሙሉ የጠፋብን የጋዝ መቅጃ አለ።

«ሌባው አንተ ነህ!» አለች አኮ ዘንጓን አንስታ። «እኔ እኮ ይቺን ምስኪን ልጅ ነው የረገምኳት!»

«ይቅርታ አዴ። ከሞከርኩት ሁሉ የተሻለ አፍ ያለው እሱ ነው።» መቅጃውን ቀስ አድርጎ ደረቷ ላይ አስደገፈው፣ የጎማውን ሌላ ጫፍ ለኔ ጆሮ ሰጠኝ። «ስሚ። ጉድጓዱን ስሚ።»

ጋዝ ይሸታል። መጀመሪያ ምንም የለም። ከዛ ከሩቅ፣ ከጥልቅ መጣ።

ዱብ-ዱብ። ዱብ-ዱብ። ዱብ-ዱብ።

እዛ ውስጥ ናቸው! አንዱ ካንዱ በላይ ቆመው፣ ባልዲ እየተቀባበሉ። ዱብ-ዱብ። ዱብ-ዱብ። ከዛ… ዝም።

ጎማውን ጆሮዬ ላይ ተጫንኩት። አኮ ግን ለደንበኛ ክብሪት እየሰጠች ነው።

ዱብ!

ቀጠለ።

«ምን ሆነው ነው ያቆሙት?» አልኩት በሹክሹክታ።

«አንዱ ደክሞት ነው» አለ እሱም በሹክሹክታ። «ግን ባልዲው አልወደቀም። ሰማሽ አይደል? ሌላው ያዘው።»

«ምን ታንሾካሹካላችሁ፣ አምጡት እኔም ልስማ» አለች አኮ። ጎማውን ወደ ጆሮዋ አደረገች፣ አዳመጠች፣ አይኗ ፈጠጠ። «ይሄ እኔ ነኝ? ይሄ ወፍጮ ቤት ነው እንጂ!»

አኮ ስትስቅ መምህር ቦሩ ድፍረት አገኘ። «አዴ፣ ይቺን ልጅ ስጪኝ። ዓመቱ ቢጋመስም አንደኛ ክፍል አስገባታለሁ።» እኔ አንገቴን ደፋሁ። አኮ እኔን አየች፣ ሱቋን አየች። ከዛ «ሰኞ ውሰዳት» አለች። «ጋዙን እኔው እቀዳለሁ። መቅጃውን ከመለስክልኝ።»

ተመኝቼ ተመኝቼ መጣልኝ። ሰኞ ጠዋት መምህር ቦሩ ደብተርና እርሳስ ይዞ በር ላይ ቆመ። አኮ ጸጉሬን ጎንጉናኛለች፣ ቅቤው ግንባሬ ላይ ይወርዳል።

«አልሄድም» አልኩ።

«ምን?» አሉ ሁለቱም።

«አልሄድም። ትምህርት ቤቱ ይሸታል።»

አኮ ተቆጣች። ሰነፍ አለችኝ፣ ጥጃ አለችኝ፣ የማን ዘር ነሽ አለችኝ። መምህር ቦሩ ለመነኝ። «ጋሽ ባዶን ፈርታ ነው» አለች አኮ። አዎ ፈርቼው ነው አልኩ። ሌላም ሌላም አልኩ፣ ሁሉም ውሸት። ለአኮ እንዴት ብዬ ልንገራት? ውስጥሽ ያሉት ሰዎች ይደክማቸዋል፣ ዝም ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ፣ እኔ እዛ ማዶ ‹ሀ ሁ› እያልኩ ባልዲው ቢወድቅ ማን ይይዘዋል ልበላት? ከመስማቴ በፊት ብሄድ ኖሮ እየዘለልኩ ነበር የምሄደው።

ለካ ጎማው አንገቴ ላይ ነበር። ከቅዳሜ ጀምሮ አልፈታሁትም። መምህር ቦሩ አየው፣ እኔን አየ፣ እና ልመናውን አቆመ። ደብተሩን ደረቱ ላይ ያዘ። «እኔ ነኝ ያሳየኋት» አለ፣ ለማን እንዳለው እንጃ።

ለማስተማሪያ ብሎ ስንት ቀን ሲመርጥ የኖረውን ዕቃ እኔ አንገት ላይ ትቶት ሄደ። ከዛ በኋላ አኮ ጠዋት ጠዋት ለሶላት ሳትነሳ እሰማላት ነበር። «ወፍጮው አለ?» ትለኛለች አይኗን ሳትገልጥ። «አለ» እላታለሁ። «በይ የማስፈጫውን ክፈይና እንነሳ» ትለኛለች።

ጎማው ቶሎ ተበጣጠሰ። መቅጃው ግን ይኸው፣ ፊርዶስ ዛሬ ከግድግዳው ያወረደችው ነው።

ምን ሆንሽ አንቺ? ለምን መጻፍ አቆምሽ? ምን ታይኛለሽ እንደዛ?

ጻፊ። ጎማው ነው አልኩሽ። ጎማው ታጥፎ ነው። አኮ ደግሞ ከዛ በኋላ ስንት ዓመት እንደኖረች ታውቂያለሽ? የሸሪፍንም የጋሽ ወልዴንም ቀብር ሄዳለች፣ በእግሯ። ተይ፣ ደረቴን ልቀቂ፣ ይበቃል። ነገ ትምህርት ቤት ስትሄጂ ያንን ይዘሽ ሂጂ፣ የሌላ ሰው ልብ ስሚበት። እዚህ ቁጭ የሚል ሰው አልፈልግም፣ ሰማሽ? ጎማዬን ግን ስትመጪ መልሺ፣ ውሃ መሳቢያ የለኝም።